ስለ ከረመ ወይንና ስለ ከረመ ቂም

በሰው አንደበት ዘወትር ከሚነገሩት ቃላት አንዱ «ጊዜ ይፈታዋል» የሚለው ነው። ወንድማማች ሲጣሉ፣ ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ አባትና ልጅ ሲለያዩ፣ ለማስታረቅ የተቀመጠው ሽማግሌ ነገሩ ሲከብደው ይህን ቃል ተናግሮ ይነሣል። እኛም የነፍስ አባትነት አደራ የተሰጠን ካህናት ይኸንኑ ቃል ብዙ ጊዜ ተናግረነዋል። ነገር ግን ጊዜ የሚሠራውንና የማይሠራውን ሳንለይ ነገርን ሁሉ ለጊዜ አሳልፎ መስጠት ይገባልን? ዛሬ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው።

ለምርመራችንም ወይንን ምሳሌ እናደርጋለን፤ ከሚበላውና ከሚጠጣው ሁሉ የጊዜ ሥራ እንደ ወይን ጎልቶ የሚታይበት የለምና። ቅዱስ መጽሐፍም በዚህ ምሳሌ ያስተምራል። ሲራክ አዲስ ወዳጅን በአዲስ ወይን ይመስለዋል፤ ሲከርም ግን በደስታ እንደሚጠጣ ይናገራል። ጌታም በሉቃስ ወንጌል አሮጌውን የለመደ ሰው አዲሱን ወዲያው እንደማይሻ ተናግሯል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው የቆየ ነገር ሁሉ የተሻለ ነው ብሎ ይደመድማል። ድምዳሜው ግን ችኩል ነው።

እኛ ያለንበት የልደታ ሰፈር ለወይን እንግዳ አይደለም። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ በዚሁ በልደታ ወይን ሲጠምቅ ብዙ ዘመን ኖሯል፤ ደረቁን ጉደርንና ጣፋጩን አክሱሚትን በከተማችን የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። በየቤቱም ጠጅ ይጣላል። ጠጅ የሚጥል ሰው የጊዜን ጠባይ ያውቃል። ማሩ በውሃ ተበጥብጦ ጌሾ ሳይገባበት ብርዝ ነው፤ ጌሾ ገብቶበት ጥቂት ሲሰነብት ለጋ ጠጅ ይሆናል፤ ሳምንታት ሲያልፉበት ጣፋጭነቱ እየቀነሰ ኃይሉ ይበረታል፤ ከልኩ አልፎ ሲቆይ ደግሞ ይኮመጥጣል። ስለዚህ እናቶቻችን ጋኑን የሚከፍቱበትን ቀን የሚያውቁት ቀን በመቁጠር ብቻ ሳይሆን በመቅመስ ነው። ከእነዚህ ሌላ ሦስተኛ ወይን አለን፤ እርሱም የቤተ ክርስቲያን ወይን ነው፤ ስለ እርሱ ወደ መጨረሻው እንናገራለን።

አሁን ይህን ጥያቄ እንድንመረምር ያስገደደንን ነገር እንግለጥ። የምንጽፈው ባለ ጉዳዮቹ ፈቅደውልን ነው፤ በንስሐ የሰማነው ሳይሆን በማዕድ ላይ በሰው ፊት የተነገረው ነው።

በአጥቢያችን አንድ አረጋዊ አባት አሉ። ልጃቸው በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ይኖራል። በ1999 ዓ.ም. ይህ ልጅ በመንገደኛ እጅ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ላከላቸው፤ ዚንፋንደል ከሚባለው የወይን ዘር የተጠመቀ ሲሆን፣ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የመከር ዘመን 2004 እ.ኤ.አ. ነበር። «ስመጣ አብረን እንከፍተዋለን» የሚል ቃልም አብሮ ደርሷቸው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት እናቲቱ ዐረፉ፤ ልጁም ለቀብር አልመጣም። አባትም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩን ማንሣት ተዉ። ጠርሙሱን ግን አልጣሉትም፤ ከማድ ቤቱ ግድግዳ ጋር በተጠጋ ቁም ሣጥን አናት ላይ አቆሙት።

እኒህ አባት በዚያው ወራት ወደ እኛ መጥተው፣ «አባ፣ ልቤ አልፈታ አለኝ፤ ምን ላድርግ?» ብለው ጠየቁን። እኛም የብዙ ሰው ጉዳይ ይዞን ነበርና «ይቆይ፤ ጊዜ ይፈታዋል» አልናቸው። ደስ ብሏቸው ሄዱ፤ ምንም እንዲያደርጉ አላዘዝናቸውምና። ነገሩም አሥራ ስድስት ዓመት ቆየ።

ልጁ በ2016 ዓ.ም. ለትንሣኤ በዓል መጣ። ግንቦት 1 ቀን፣ በእመቤታችን የልደት በዓል፣ የሰፈሩ ሰው እንደ ልማዱ ከደጅ ወጥቶ ንፍሮውን ሲቀማመስ ከዋለ በኋላ፣ ማታ ማዕድ እንድንባርክ ወደዚያ ቤት ተጠራን። አባትና ልጅ ከገበታው ጫፍና ጫፍ ተቀምጠው ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ ይነጋገሩ ነበር፤ ሌላ የሚነጋገሩት አልነበራቸውም። በዚህ መካከል ጠርሙሱ ከቁም ሣጥኑ ላይ ወረደ።

ቡሹ ደርቆ ነበርና ሲነቀል ተፈረፈረ። ወይኑ ሲቀዳ እንደ አዲስ ወይን ሐምራዊነት አልታየበትም፤ ዳርዳሩ የሸክላ ቀለም ይዟል፤ በጠርሙሱ ግርጌም ጥቁር ዝቃጭ ተኝቷል። ልጁ ቀምሶ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «ስልከው እንጆሪና ቁንዶ በርበሬ ይሸት ነበር፤ አፍ ይሞላ ነበር» አለ። ያ ፍሬ አሁን የለም። የቀረው የዘቢብ መዓዛ፣ አሮጌ ብራና ሲገለጥ የሚሸተውን የመሰለ ጠረን፣ ጉሮሮ የሚያሞቅ የአልኮል ኃይልና በመጨረሻ ምላስን ቆንጠጥ የሚያደርግ የሆምጣጤ ጣዕም ነው። ፈጽሞ ተበላሽቷል አይባልም፤ መልካም ነውም አይባልም።

አባት ብርጭቆውን አስቀምጠው፣ «ቢቆይ ይሻለዋል ብዬ ነበር» አሉ። ልጁም፣ «አባባ፣ ይህ እንዲከርም የተሠራ አልነበረም፤ ቶሎ መጥቼ አብረን እንድንጠጣው ነበር የላክሁት» አለ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የተናገረ አልነበረም።

ልጁ የተናገረው እውነት ነው። ዚንፋንደል በካሊፎርኒያ ይታወቅ እንጂ ጥንተ ዘሩ የአድርያቲክ ባሕር ዳርቻ ከሆነችው ከክሮኤሺያ መሆኑ በ2001 እ.ኤ.አ. በዘር ምርመራ ታውቋል፤ በኢጣልያም ፕሪሚቲቮ ይሉታል። ፍሬው ስኳር ስለሚበዛበት ወይኑ ብዙ ጊዜ ከመቶ 14 እስከ 16 እጅ አልኮል ይይዛል። ውበቱ ግን በትኩስ ፍሬ ጣዕሙ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ቢጠጣ ይመረጣል፤ በብልሃት የተሠራውና በደንብ የተጠበቀው ዐሥር ዓመት ይደርሳል፤ ከዚያ የሚያልፈው ጥቂቱ ነው። በመጀመሪያ የእንጆሪና የቅመም ጣዕሙ ብሩህ ነው፤ እየቆየ ሲሄድ ይለሰልስና የደረቀ ፍሬና የትምባሆ ቅጠል ጠረን ያገኛል፤ በመጨረሻም ፍሬው ሲሸሽ የአልኮሉ ትኩሳት ብቻውን ይቀራል።

የዚህም ምክንያት የታወቀ ነው። ከወይኑ ቆዳና ከፍሬው ውስጥ የሚወጣው፣ አፍን የሚያኮማትረው ነገር ታኒን ይባላል፤ ይኸውም በዘመን ብዛት እርስ በርሱና ከቀለሙ ጋር እየተያያዘ ከብዶ ይዘቅጣል፤ የላይኛውም ወይን ይለሰልሳል። ሉዊ ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1866 እ.ኤ.አ. ስለ ወይን ባሳተመው ጥናት፣ አየር በጥቂት በጥቂቱ ሲደርሰው ወይንን እንደሚያበስለው፣ የወይን መበላሸት ግን ከረቂቃን ተሕዋስያን እንደሚመጣ አስረድቷል። ወይንን ወደ ሆምጣጤ የሚለውጠው ተሕዋስም ሥራውን የሚሠራው አየር ሲያገኝ ነው። እንግዲህ የሚያበስለውና የሚያበላሸው በአንድ በር ይገባሉ ማለት ነው። ስለዚህ ወይን ጠባቂ ያሻዋል፤ ቡሹ እንዳይደርቅ ጠርሙሱ ተጋድሞ፣ በጨለማ፣ ሳይናወጥ፣ 12 ወይም 13 ዲግሪ ያህል በሆነ ቅዝቃዜ ሊቀመጥ ይገባል። የወዳጃችን ጠርሙስ ግን አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በማድ ቤት ሙቀት አጠገብ ቆሞ ኖረ።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ጊዜ በመጀመሪያ ያልተጨመረውን አይጨምርም። መልካም ወይን ሲከርም ይበስላል፤ ሆምጣጤ ግን ቢከርም ሆምጣጤ ነው። ፍቅር ሲከርም ወዳጅነት ይሆናል፤ ቂም ሲከርም ምን ይሆናል? የከረመ ቂም እንጂ ሌላ አይሆንም።

ሁለተኛው፣ መቆየትና መጠበቅ አንድ አይደሉም። ጠርሙስን ከዓይን አርቆ ማስቀመጥ ወይንን መጠበቅ አይደለም፤ ነገርንም ሳያነሡ መኖር ትዕግሥት አይባልም። ትዕግሥተኛ ሰው በልቡ ያለውን እየጎበኘ ይጠብቃል፤ ቸልተኛ ሰው ግን እንዳያየው ይሸሸዋል።

ሦስተኛው ከሁሉ የጠለቀ ነው። ጊዜ የሚያለሰልሰው በማዝቀጥ ነው፤ ዝቃጩ ግን ከጠርሙሱ አይወጣም። ምናልባት አንባቢ፣ «ጊዜ ቁጣን ሲያበርድ በዓይናችን አይተን የለምን?» ይለን ይሆናል። አይተናል፤ አንክድም። በቁጣ ሰዓት ከመናገር ዝም ማለት ይሻላል። ነገር ግን የበረደ ቁጣ ሁሉ ይቅርታ ነውን? ጠጅ ተጠልሎ አምቡላው ካልተለየ፣ ጋኑ በተነቀነቀ ቁጥር ይደፈርሳል። እንዲሁም «ረስቼዋለሁ» የሚል ሰው፣ አንድ ሠርግ ወይም አንድ ልቅሶ ከበደለው ሰው ጋር ባገናኘው ጊዜ ልቡ ከታች ጀምሮ ይደፈርሳል። ጊዜ ያዘቅጣል፤ ማጥለል ግን የእጅ ሥራ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለቁጣ መቆያ አልነሣትም፤ ነገር ግን የሰጣት መቆያ እስከ ፀሐይ መግቢያ ብቻ ነው።

ይህ ነገር እኛን ካህናትን ከሁሉ አስቀድሞ ይመለከተናል። በዕድሜያችንና በአገልግሎት ዘመናችን ብዛት ከፊት እንቀመጣለን፤ ሰውም ሽበታችንን አይቶ ይነሣልናል። አገራችን ግን ዘመን ቆጥሮ ያልበሰለውን ሰው «ከርሞ ጥጃ» ትለዋለች። ከባልንጀራችን ጋር ስለ መቀመጫ ወይም ስለ ሹመት ተቀያይመን ዓመታት ካለፉን፣ ሽበቱ የእኛ መብሰል ምስክር አይሆንም። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለውን ብሂል ለምእመናን እናስተምራለን፤ ለራሳችን ማስተማርስ መቼ እንጀምራለን?

አሁን ወደ ሦስተኛው ወይን እንምጣ። በልጁ ጠርሙስ ውስጥ የዘቢብ መዓዛ በሸተተን ጊዜ ልባችን ወደ ቤተ ልሔም ሄደ። ለቅዱስ ቍርባን የሚሆነው ወይናችን ከዘቢብ ነው። ዘቢቡ ደርቆ ብዙ ጊዜ ሊቀመጥ ይችላል፤ ወይኑ ግን አይከርምም። በቅዳሴው ዕለት ዘቢቡ ታጥቦ፣ በውሃ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ ይቀርባል፤ ለነገም አይተርፍም። በቃና ዘገሊላ በሠርጉ መጨረሻ የቀረበው፣ አሳዳሪው ከፊተኛው ይልቅ ያደነቀው ወይንም በዚያችው ሰዓት ከውሃ የተገኘ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አልከረመም።

እንግዲህ ለጥያቄያችን ይህን መልስ እንሰጣለን። መልካም ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ ከረመ ወይን ነው፤ ጥበብ፣ ወዳጅነት፣ የትምህርት መብሰል ከዚህ ወገን ናቸው፤ ያለ ዘመን አይገኙም፤ የሚቸኩልባቸውም ይጎዳል። ሁለተኛው እንደ ዘቢቡ ወይን ነው፤ ንስሐና ይቅርታ ከዚህ ወገን ናቸው፤ በዕለቱ ተጨምቀው በዕለቱ ይቀርባሉ። ስሕተታችን የዕለቱን ወይን ለማክረም መሻታችን ነው። ጌታችን መባውን ከመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ ያዘዘው ሰው፣ ለነገ የተቀጠረለት ቀን የለም።

ወደዚያ ማዕድ እንመለስ። ከዝምታው በኋላ አባት ቀና ብለው፣ «ለእናትህ ቀብር ለምን አልመጣህም?» ብለው ጠየቁ። አሥራ ስድስት ዓመት ያልጠየቁት ጥያቄ ነው። ልጁም በዚያን ጊዜ የመኖሪያ ፈቃድ ጥያቄው ገና እንዳልተወሰነለት፣ ከአሜሪካ ቢወጣ ተመልሶ ሊገባ እንደማይችል፣ ይህንንም ለአባቱ ለመንገር አፍሮ እንደ ነበር ተናገረ። አንድ ጥያቄና አንድ መልስ ነበር፤ ሁለቱም ተነግረው ለማለቅ ጥቂት ደቂቃ እንኳ አልፈጁም። ጊዜ ያልፈታውን ቃል ፈታው።

አባት አለቀሱ። ያለቀሱትም ስለ ዕርቁ ደስታ ብቻ አልነበረም፤ ልጁ ጎልማሳ ሆኖ የሸበተባቸውን፣ ተመልሶ የማይመጣውን አሥራ ስድስት ዓመት አስበው ነበር። ይህን ስናይ ከመቀመጫችን ተነሥተን፣ «ይቆይ ያልንዎት እኛ ነን፤ ይቅር ይበሉን» አልናቸው። እርሳቸውም፣ «አባ፣ እኔም ምክሩን የተቀበልሁት ቀላል ስለ ነበረ ነው» አሉን። ዕርቅ ወረደ፤ ነገር ግን ዕርቁ ያለፈውን ዘመን አልመለሰም። ይህን የምንጽፈው፣ እንዲህ ያለ ጠርሙስ በቁም ሣጥኑ ላይ ያቆመ ሌላ ሰው ይኖራል ብለን ስለምናስብ ነው።

ስለዚህ፣ ወንድሞቻችን ካህናት ሆይ፣ የተቀየመ ሰው ምክር ሊጠይቀን ሲመጣ «ይቆይ» ከማለታችን በፊት «ጠይቀውታልን? ሰምተውታልን?» እንበለው፤ ቢቻለንም አብረነው እንሂድ። እናንተም ምእመናን፣ ወይናችሁን የሚከርመውን አክርሙት፤ ይቅርታችሁን ግን ዛሬ ጭመቁት። ለዚህም አምላካችን ልቡና ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።