«ኤ ቢት አኖይድ» ወይስ «ተናድጄብሃለሁ»?

ንዴትን አሳንሶ መናገር ትሕትና ነው ወይስ ሽሽት? ጥያቄውን ያነሣነው እዚህ ጅማ በየዶርሙና በየላውንጁ አንድ አነጋገር እየተለመደ ስለመጣ ነው። ጓደኛችን የተዋሰውን መጽሐፍ ሳይመልስ ሲቀር፣ የፈተና ውጤት ሲዘገይ፣ «ተናደዳችሁ እንዴ?» ስንባል «ኧረ ምንም! ኤ ቢት አኖይድ ነን» እንላለን። ትንሽ ከንክኖናል ማለታችን ነው።

እንግሊዝኛ ለጅማ እንግዳ አይደለም። የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤቱ በ1952 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ እርዳታ ሥራ ከጀመረ ስንት ዘመኑ! ዛሬም ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የምንማረው በዚሁ ቋንቋ ነው። የተማርንበት ቋንቋ ወደ ንዴታችን ቢገባ አይገርምም።

ለመሆኑ አማርኛ ቃል አጥቶ ነው? በፍጹም። ቅር መሰኘት አለ፣ መከፋት አለ፣ ማኩረፍ አለ፣ መበሳጨት አለ፣ መናደድ አለ፣ ሲብስም መብገን አለ። «ተናደደ» ራሱ «ነደደ» ከሚለው የእሳት ቃል የመጣ ነው። ወደ አጋሮ ወይም ወደ ሊሙ ብንወርድም ኦሮምኛው «ሙፈቹ» ብሎ ቅሬታን፣ «ዴከሙ» ብሎ ቁጣን ይለያል።

እንግዲያው ልዩነቱ ከመጠኑ ላይ አይደለም፤ ከአድራሻው ላይ ነው። «ተናድጄብሃለሁ» ስንል ያስቀየመን ሰው እግሡ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ሰሚው «ምን አጠፋሁ?» ሳይል ማለፍ ይቸግረዋል። «ኤ ቢት አኖይድ» ግን ስንት እንደሆነ ይናገራል እንጂ በማን እንደሆነ አይናገርም። በእርግጥ እንግሊዞቹ ሲፈልጉ «ዊዝ ዩ» ብለው ይጨምሩበታል። እኛ ስንበደረው ያቺን ጭራ ቆርጠን ጣልናት።

የቆረጥንበትም ምክንያት አለ። ለአስተማሪ ወይም ለታላቅ «ተናድጄብዎታለሁ» ማለት በአገራችን ድፍረት ነው። እንግሊዝኛው «አንተ»ም «እርስዎ»ም ሳያስብል ያሳልፈናል። ብዙ ሆነን በአንድ ዶርም ስናድርም በትንሹም በትልቁም መንደድ አያኗኑርም። ይህን አንክድም።

ሆኖም አርስቶትል ስለ ቁጣ ሲጽፍ ያመሰገነው ቁጣ የሌለውን ሰው አይደለም፤ በሚገባው ነገር፣ በሚገባው ሰው ላይ፣ በሚገባው መጠንና ጊዜ የሚቆጣውን ነው። መጠኑ ከጥያቄዎቹ አንዱ ብቻ ነው። እኛ አንዱን መልሰን ሌሎቹን ባዶ ትተናል።

ነገሩ ከግቢ ሲወጣ ይከብዳል። ቡናችን ለገበያ ሲቀርብ ጉድለቱ ተቆጥሮ፣ በስኒ ተቀምሶ፣ ደረጃ ይሰጠዋል። «ጅማ 5» በውጭ ገበያ ሳይቀር የታወቀ ስም ነው። ቁጥሩ የሚታመነው ቀማሽ አፉ ውስጥ ስላስገባው ነው። ሳይቀመስ 5 ቢባል ማን ይቀበለዋል? አሁን አንድ የጎማ ገበሬ እሸት ቡናውን ተሸክሞ ቢመጣና ሚዛኑ ቢያጎድልበት እናስብ። ገበሬው በግኗል። አጉዳዩንም ያውቀዋል፤ በጣቱ ይጠቁመዋል። ነገ ተመርቀን ቢሮ ስንቀመጥ ይህን አቤቱታ የምንጽፈው እኛ ነን። በራሳችን ላይ የለመድነውን ይዘን «ገበሬው መጠነኛ ቅሬታ አላቸው» ብለን ብንጽፍስ? የሰውየውን ንዴት ሳንቀምስ ደረጃ ሰጠነው ማለት ነው። ይባስ ብሎ፣ ሚዛኑን የያዘው ሰው ከወረቀቱ ላይ ጠፋ። ገበሬውን ትሑት አላደረግነውም፤ አጉዳዩን ግን አዳንነው።

እንግሊዝኛውን እንጣል አንልም። ንዴታችን በእውነት ትንሽ ከሆነ ትንሽ ነው ማለት እውነት መናገር ነው፤ በየትም ቋንቋ ይባል። ትልቁን ትንሽ ስንል ግን ሁለት ሰው እንበድላለን፦ የተበደለውን፣ ማረም ይችል የነበረውንም በዳይ። ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ መጽሐፉን ላልመለሰው ጓደኛችን ዛሬ ማታ በሰላም «ቅር ብሎኛል፤ ቅር የተሰኘሁትም ባንተ ነው» እንበለው። ለታላቅም ቢሆን «በእርስዎ ቅር ተሰኝቻለሁ» ብሎ አክብሮ መናገር ይቻላል። ይህን በዶርም ያልለመደ ሰው በቢሮ ከየት ያመጣዋል?