በረኃብ የሞቱትን በምን እናክብራቸው?

አንባቢ ሆይ፤ ከወልዲያ ተነሥቶ በሮቢትና በቆቦ በኩል ወደ አላማጣ የሚወስደውን መንገድ የምታውቅ ከሆንህ አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ። በዚህ መንገድ ዳር በረኃብ የወደቁትን ወገኖቻችንን የምናከብራቸው በምን ነው?

በ1965 እና በ1966 ዓመተ ምሕረት በወሎ ብዙ ሰው በረኃብ አለቀ። የተራበው ገበሬ ቤቱን ትቶ ወደ ዋናው መንገድ ወጣ፤ የሚያልፈውንም መኪና እያስቆመ እህል ለመነ። ዐሥር ዓመት ያህል ቈይቶ፥ በ1977 ዓመተ ምሕረት፥ ረኃብ ተመልሶ መጣ። በደጋው በኮረም የተሰበሰበው ሕዝብ ሥቃይ በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር በቴሌቪዥን ታየ፤ ስማችንን የማያውቁ የሩቅ አገር ሰዎችም አዝነው ረዱ።

ይህን ስታነብ ዝናብ ስለ ጠፋ ብቻ የሞቱ አይምሰልህ። አማርትያ ሴን የተባለው ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ያንን የፊተኛውን ረኃብ መርምሮ ነበር። እርሱ እንዳስረዳው፥ ገበሬው ሰብሉን ባጣ ጊዜ እህል መግዣውንም አጣ። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ብዙ ሳይወደድ፥ ከወሎም እህል እየተጫነ ወደ ሌላ ስፍራ ሲወጣ ሰው ሞተ። እንግዲህ ዝናብ ጐደለ፤ ጎረቤትም ጐደለ።

ስለ እነርሱ ማልቀስና የመታሰቢያ ድንጋይ ማቆም ክፉ ነው አልልም። ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አልቅሶአል፤ ነገር ግን አልቅሶ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። በኢያሪኮ መንገድ ቈስሎ የወደቀውን ሰው አይተው ያለፉት ካህኑና ሌዋዊው በልባቸው አዝነውለት እንደ ሆነ አናውቅም። ቢያዝኑም ባያዝኑም ለቈሰለው ሰው አንድ ነበረ።

አንተ ግን፦ «ሙታን ሥራዬን አያዩም፤ እኔ ዛሬ የድኻ ማሳ ባርስ እነርሱን ምን ይጠቅማቸዋል?» ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው። በወንፈል ዛሬ ያረስሁልህ ነገ ታርስልኛለህ፤ ከሙታን ጋራ ግን ወንፈል የለም። ዳሩ ግን ሰውን ማክበር ማለት ነፍሱ ሊደረግላት ይገባ የነበረው ርዳታ ሁሉ የተገባት ናት ብሎ ማመን ነው። እንዲህ ካመንህ፥ ያ ርዳታ ዛሬ በእርሱ ስፍራ ለቆመው ችግረኛ ይገባዋል። የዛሬውን ተርበህ ሙት ብሎ ያለፈ ሰው የቀድሞውም ሞት አላሳዘነኝም ብሎ በሥራው መሰከረ።

አገራችን ለዚህ ሥራ የሚሆን ሥርዐት አላጣችም፤ ቅሬ አለን። ሰው በሞተ ጊዜ ገበሬው እርፉን፥ ነጋዴው ሚዛኑን፥ ተማሪው መጽሐፉን ትቶ ይወጣል። የክርስቲያኑን ልቅሶ እስላሙ፥ የእስላሙን ክርስቲያኑ ይደርሳል፤ የቀን ዋጋዬን ስጡኝ የሚል የለም። ታዲያ ለቀብር የሚፈጥን እግር ከቀብር በፊት ስለ ምን ይዘገያል?

ከተራራ የሚወርደው ጎርፍ ተጠልፎ በሜዳው ያለውን ማሽላ እንደሚያጠጣ ታውቃለህ፤ ቦዩ ሳይጠረግ ከቀረ ግን ውኃው የተጠማውን ማሳ አልፎ ይሄዳል፥ እንደዚያ እህልም። እንግዲህ ክረምት ሳይገባ፥ በሬም ልጅም የሌላትን የባልቴት ቦይ ተሰብስባችሁ ጥረጉላት። ነጋዴ ሆይ፥ ከማሽላህ አንድ ቍና ለክፉ ቀን በአደራ አኑር። ተማሪ ሆይ፥ ፊደል ላልቈጠረው ጎረቤትህ ማመልከቻውን ጻፍለት፤ ልጁንም አስተምርለት። በወር አንዲት ቀን እንኳ ብትሆን ትበቃለች፤ ብቻ አትታጐል።

ይህንም ስታደርግ ሃይማኖቱ ምንድር ነው ብለህ አትጠይቅ፤ ረኃቡ አልጠየቀምና። እንዲታይልህም አታድርገው። መንግሥተ ሰማያትን የምገዛበት ዋጋ ነው ብለህም አታስብ፤ እርስዋ በጸጋ የተሰጠች ናት፥ እኛም የምንሠራው አስቀድሞ ስለ ተወደድን ነው።

የእነዚያ ሙታን መቃብር የት እንደ ሆነ ብዙዎቻችን አናውቅም፤ ቅሬ ሳይወጣላቸው ተቀብረዋልና። የጎረቤትህን ደጅ ግን ታውቀዋለህ። ዛሬ ሳይመሽ ሂድ።