ጠበቃን ስለ መምረጥ

ሰው ነገር ሲገጥመው፥ «አፍ የሚችል ማን ነው? ዳኛውን የሚያውቅ ማን ነው?» እያለ ይጠይቃል። «እውነተኛው ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ልማዱ ከጥንት የመጣ ይመስለኛል። በቀድሞው ዘመን ባለጉዳዮች በላ ልበልሃ እየተባባሉ ሲሟገቱ የንግግር ችሎታ ትልቅ ኀይል ነበረው፤ አላፊ አግዳሚውም ቆሞ ያዳምጥ ነበር። የዛሬው ችሎት ግን አብዝቶ የሚመረምረው ጽሑፍን ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከሳሽ የማስረጃውን ዝርዝር ከክሱ ጋራ አያይዞ እንዲያቀርብ ያዛል። ስለዚህ የነገሩ ዋና ክፍል የሚያልቀው በችሎት ሳይሆን፥ ጠበቃና ደንበኛ ለብቻቸው በተቀመጡበት ክፍል ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ ነጋዴ ለጎረቤቱ 40,000 ብር በጽሑፍ ውል አበደረ እንበል። ጎረቤቱ 25,000 ብሩን በሁለት ሰዎች ፊት ቆጥሮ መለሰ፤ ስለ ተማመኑ ግን ደረሰኝ አልተቀበለም። ኋላ ተጣሉ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር መሰጠቱም ሆነ መመለሱ የሚረጋገጠው በጽሑፍ፥ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው ይላል። (ሕጉ በወጣ ጊዜ 500 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ምን እንደሚገዛ አንባቢ ያውቃል።) እንግዲህ ሁለቱ ሰዎች ቢመሰክሩም ተበዳሪውን አይጠቅሙትም።

ነጋዴው ውሉን ይዞ ወደ አንድ ጠበቃ ቢሄድ፥ «ደረሰኝ ከሌለው ሙሉውን ይጠይቁ፤ እንደሚረቱ ዋስ ነኝ» ይለዋል። ሁለተኛው ጠበቃ ግን አስቀድሞ፥ «ከዚህ ገንዘብ የተቀበሉት የለም ወይ?» ይላል። እውነቱን ሲሰማም፥ «እንግዲያስ የምጠይቅልዎ ቀሪውን 15,000 ብር ነው። ባላጋራዎ በችሎት ይማሉልኝ ቢል ምን ይላሉ?» ብሎ ይመልስለታል።

ብዙ ሰው ከዚህ ከሁለተኛው ቤት፥ «የኔ ጠበቃ ነህ ወይስ የርሱ?» እያለ ተቆጥቶ ይወጣል። እኔ ግን የምመርጠው ይህንኑ ነው። ዛሬ ለአንተ ብሎ ዳኛን የሚያታልል፥ ነገ ለራሱ ጥቅም አንተን እንዳያታልል ምን ይከለክለዋል? ደግሞም ነጋዴው በመጀመሪያው ጠበቃ ረትቶ ቢመለስ፥ ያ ጎረቤትና ሁለቱ ሰዎች በዚያው ሰፈር እንዳሉ ናቸው።

«እንዲህ ከሆነ በወንጀል የተከሰሰ በደለኛ ጠበቃ አያገኝም ማለት ነው» የሚል ይኖራል። አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በመረጠው ጠበቃ እንዲወከል፥ ከፍሎ ማቆም ካልቻለና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነም መንግሥት እንዲያቆምለት ይደነግጋል። ማስረዳት የዐቃቤ ሕግ ሸክም ነው፤ ጠበቃው ምስክሩን ቢፈትን፥ የደንበኛውን ምስጢር ቢጠብቅ ሐሰት አልተናገረም። ዝም ማለትና መዋሸት ሁለት ናቸው። ሐሰተኛ ምስክር አሰልጥኖ ቢያቀርብ ግን ያን ጊዜ ጠበቃነቱን ትቶ የበደሉ ተካፋይ ሆኗል።

የቀረው ጥንቃቄ አጭር ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤት የሚቆምልህ ሰው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 መሠረት ፈቃድ ያለው መሆኑን ጠይቅ፤ የዋጋውን ስምምነት በጽሑፍ አድርግ፤ በፍትሐ ብሔር ነገር የይግባኝ ጊዜ 60 ቀን ነውና ፍርድ እንደ ተሰጠ ሳትዘገይ ተማከር። ከሁሉ ይልቅ ግን ወደ ጠበቃህ ስትሄድ የሚጠቅምህን ወረቀት ብቻ መርጠህ አትያዝ፤ የሚጎዳህንም ጨምረህ ውሰድለት። ያን ወረቀት ከአንተ እጅ ቢያየው መልስ ያዘጋጅለታል፤ ከባላጋራህ እጅ በችሎት ቢያየው ግን ቀጠሮ ከመለመን በቀር የሚያደርገው የለም።