ራስን መውቀስ ወይስ ራስን መጠየቅ?

ሰው ዕረፍት ሲያጣ በመጀመሪያ ወደ አፉ የሚመጣለት ቃል ስድብ ነው። «እኔ ሰነፍ ነኝ፤ ሥርዓት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ከነገ ጀምሮ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ» ይላል። ነገ ማታም ያው ሰው በዚያው ሰዓት ዓይኑን አፍጥጦ ይገኛል፤ ስድቡም ይደገማል። እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ልንመረምረው የሚገባን ጥያቄ ይህ ነው፦ ራሱን የሚወቅስ ወጣት በእውነት ራሱን እያረመ ነውን? ወይስ ያረመ እየመሰለው ሥራውን ለነገ እያሳደረ ነው?

አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ በሐሳባችን እንውሰድ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ እናቱ ቡና አፍልታ ትጠብቀዋለች፤ ከአቦል እስከ በረካ አብሯት ይቀመጣል። ከዚያ እስከ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ያጠናል። ወደ አልጋው የሚገባው ስልኩን ይዞ ነው። እንቅልፍ እንቢ ይለዋል። በማግሥቱ ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ መምህሩ ይቆጡታል፤ እርሱም በመምህሩ ቁጣ ላይ የራሱን ይጨምርበታል። ይህ ልጅ ራሱን ሺህ ጊዜ ቢሰድብ አንድ ነገር አያውቅም፤ ለምን እንዳልተኛ።

ቢጠይቅ ግን ብዙ ያገኝ ነበር። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን፣ አዴኖሲን የተባለው የድካም መልእክተኛ በአንጎል ውስጥ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። የጠጣነውን ካፌይን ግማሹን ለማስወገድ የብዙ ሰው አካል 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት የተጠጣ ቡና ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግማሽ ኃይሉ ገና አለ ማለት ነው። ደማቅ ብርሃንም ሜላቶኒን የተባለውን የምሽት ሆርሞን ይቀንሳል፤ ምንም እንኳ በእኔ አስተያየት ከስልኩ ብርሃን ይልቅ የስልኩ ወሬ ብዙ እንቅልፍ ቢሰርቅም። ከሁሉ የሚደንቀው ግን የዕድሜው ነገር ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ካርስካዶንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ጥናትና ከዚያም በኋላ እንዳሳዩት፣ በጉርምስና ጊዜ የሰውነት የውስጥ ሰዓት ወደ ምሽት ይገፋል። ልጁ «ስንፍና» ብሎ የሰየመው ነገር ከፊሉ የማደግ ሥራ ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ወጣት በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልገው የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ገልጿል።

ወቀሳ ይህን ሁሉ አያሳይም። ከዚህም በላይ ወቀሳ ራሱ የሚያነቃ ነገር ነው። የተቆጣ ሰው ልቡ ይመታል፣ ጡንቻው ይወጠራል፤ በዚህ ሁኔታ ማን ይተኛል? አልጋው ችሎት ይሆንና ከሳሹም ተከሳሹም ዳኛውም በአንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ይሟገታሉ። ሪቻርድ ቡትዚን የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረበው ዘዴ ከዚህ ጋር ይስማማል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ከአልጋው ተነሥቶ እንቅልፉ ሲመጣ ብቻ ይመለስ፣ አልጋም የመገላበጫ ቦታ መሆኑ ይቅር የሚል ነው። ስለ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በካናዳ በካርልተን ዩኒቨርሲቲ 119 ተማሪዎችን ይዞ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ጥናት፣ ለመጀመሪያው ፈተና ጥናታቸውን በማዘግየታቸው ራሳቸውን ይቅር ያሉት ለሁለተኛው ፈተና ማዘግየታቸው ቀንሶ ተገኝቷል።

«ታዲያ ይህ ራስን ማባበል አይደለምን? ንስሐስ የት ቀረ?» የሚል ወንድም ወይም እኅት ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰውን የበደለ ሰው በደሉን በጉጉት እየተመለከተ አይቀመጥም፤ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቃል። አሥር ማታ መዝግቦ በአሥራ አንደኛውም ምንም የማይለውጥ ከሆነ ደግሞ መጠየቁም ማምለጫ ሆኗል። ነገር ግን ንስሐ መመለስ ነው፤ ለመመለስም የመጡበትን መንገድ ማየት ያስፈልጋል። በመጽሐፈ ነገሥት ኤልያስ ደክሞት ሞቱን ለምኖ በዛፍ ሥር በተኛ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ ነቢዩም በልቶ እንደገና ተኛ። ወደ ኮሬብ ተራራ ከደረሰ በኋላ ከእግዚአብሔር የመጣለት ቃልም በዚያ ምን እንደሚያደርግ የሚጠይቅ ነበር። ስለ አባ እንጦንስም ከወንድሞች ጋር ሲጫወት ያየ አንድ አዳኝ እንደ ተሰናከለበት ይነገራል፤ አባም አዳኙን ቀስቱን ደጋግሞ እንዲለጥጥ አዘዘው፣ አዳኙም «ይሰበራል» እስኪል ድረስ። (ማኅሌት ቆሞ ማደር ሌላ ነገር ነው፤ ያ ታውቆና ተመርጦ የሚገባበት ድካም ነው።)

ወደ ተማሪያችን እንመለስ። አንድ ደብተር ይያዝ፤ ለሁለት ሳምንት ያህል መቼ እንደ ተኛ፣ መቼ እንደ ነቃ፣ ከሰዓት በኋላ ምን እንደ ጠጣና ምን እንዳሳሰበው ይጻፍ። የእንቅልፍ ሐኪሞችም የሚጠይቁት እንዲህ ያለውን መዝገብ ነው። ምናልባት ጥፋቱ የቡናው ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ እናቱን «እማዬ፣ ቆሎውን አብሬሽ እበላለሁ፤ ስኒውን ግን ለሰንበት እናቆየው» ማለት ይችላል። ምናልባትም ቡናው ንጹሕ ይሆንና የሒሳብ ፈተና ባለበት ሳምንት ብቻ እንቅልፍ እንደሚያጣ ያያል። ወይም ደግሞ ስድስት ሰው በሚኖርበት አንድ ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ጸጥታ የሚገኘው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ብቻ መሆኑን ይረዳል። ይህ ሲሆን ነገሩ የልጁ ጠባይ ሳይሆን የቤቱ ጉዳይ ነው፤ መፍትሔውም ከአባትና ከእናት ጋር መነጋገር ወይም ከቤት ውጭ የማጥኛ ቦታ መፈለግ ይሆናል። አንዱን ነገር ብቻ ለውጦ ጥቂት ቀን ይይ፤ ሁሉን በአንድ ማታ የለወጠ ሰው የትኛው እንደ ጠቀመው አያውቅም። ችግሩ ወራት ከዘለቀ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ሌሊት እየተነሣ ሰዓት ግን አይመልከት፤ ደብተሩን ጠዋት በግምት ቢሞላው ይበቃል።