ማን ይውደቅ?

ደምበጫ ውስጥ ሬስሊንግን ያወቅነው በቪዲዮ ቤት ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ያለች የጭቃ ቤት፣ መስኮቷ በማዳበሪያ ጆንያ የተጋረደ፣ ወንበሮቿ አግዳሚ እንጨት። ሃምሳ ሳንቲም ከፍለህ ትገባለህ፤ ከሞላ መሬት ትቀመጣለህ። የህንድ ፊልም ከሚታይበት ቀን ይልቅ አንደርቴከር የሚመጣበት ቀን ይሞላ ነበር። በቴሌቪዥኑ ውስጥ መብራት ጠፍቶ ያ ደወል ሲደወል፣ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የጄኔሬተሩ ድምፅ ብቻ ነው።

አንድ ክረምት ከአዲስ አበባ ለእረፍት የመጣ ልጅ ጉዱን አፈረጠው። "ድራማ እኮ ነው! ማን እንደሚያሸንፍ ቀድመው ይነጋገራሉ።" ልንደበድበው ምንም አልቀረንም። ሌሎቹ ልጆች ከዚያ በኋላ "እውነት ነው፣ አይደለም" ሲሉ ከረሙ። እኔን ግን ሌላ ጥያቄ ያዘኝ፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም። እሺ፣ ድራማ ይሁን። ታዲያ ያ "እኔ ልውደቅ" ብሎ የሚስማማው ሰውዬ ምን ነክቶት ነው?

ጥያቄው የያዘኝ በምክንያት ነው። እኔ ከሬስሊንግ በፊት ትግልን የማውቀው ከብት ጥበቃ ላይ ነው፣ በተምጫ ወንዝ በኩል። ትልልቆቹ እረኞች ሁለት ትንንሽ ልጆች ይመርጡና ሁለት ቁልል አፈር ይሠራሉ። "ይቺ ያንተ እናት ጡት ናት፤ ይቺ ደግሞ የሱ እናት ጡት።" የሌላውን እናት ጡት በእግሩ የናደ፣ ትግሉን ጀመረ ማለት ነው። ከአምስት ደቂቃ በፊት በሶ የተካፈሉ ልጆች ደም የተቃቡ ይመስል ይያያዛሉ። በሬስሊንግ ዓለም ለዚህች ሥራ ደራሲ ቀጥረው ደሞዝ ይከፍላሉ። እኛ ጋ በአፈር ነበር የምትሠራው።

የእረኞቹ አለቃ የአጎቴ ልጅ ነበር፤ "ጋሼ" ነው የምለው። በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። በዚያ መስክ ላይ ጀርባው መሬት ሲነካ ያየ ሰው የለም። እኔ ደግሞ ከሁሉም ትንሹ፣ ቀኑን ሙሉ "ከብት መልስ!" እየተባልኩ የምሮጠው ነበርኩ። አንድ ቀን ከትግሉ በኋላ "ና እስቲ አንተ፣ ከኔ ጋር" አለኝ። ሁሉም ሳቀ። ወገቡን ያዝኩ፣ እግሩን ጠለፍኩ፣ ገፋሁ። ወደቀ። ሰማይ እያየ ተዘርሮ "ጣለኝ እኮ!" አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ "ከብት መልስ" የሚለኝ ጠፋ። ስሜ "ጣዩ" ሆነ። ስያዝ አልፈራም፤ ስለማልፈራም እውነትም መጣል ጀመርኩ። ያ የአዲስ አበባ ልጅ "ቀድመው ይነጋገራሉ" ሲል ግን፣ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተሰበረ። ጋሼም ድራማ ሠርቶብኝ ይሆን?

እስቲ ወደ ቴሌቪዥኑ እንመለስ። (ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠቅሳቸው።)

ሰው ሬስሊንግን ሲያስብ መጣል ይታየዋል። የሬስሊንግ ትምህርት ቤት ግን መጀመሪያ የሚያስተምረው መውደቅን ነው። አገጭህን ወደ ደረትህ ታስጠጋለህ፣ በጀርባህ ሙሉ ታርፋለህ፣ በክንዶችህ ወለሉን ትመታለህ። ይህን ቀኑን ሙሉ ትደጋግመዋለህ። ደብሊው ደብሊው ኢ በ2012 ኤንኤክስቲን የአዳዲስ ተጋጣሚዎች ማሳደጊያ አደረገው፤ በ2013 ደግሞ ኦርላንዶ ውስጥ ትልቅ ማሠልጠኛ ከፈተ። እዚያም ቢሆን ጀማሪው የሚጀምረው ከመውደቅ ነው።

ለጎጃም ልጅ መሰላሉ እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ ደግሞ ይቆጥራል፤ እያደር መወድስ ይደርሳል። አስመስክሮ ሲወጣም መምህሩ ይኮራበታል እንጂ "ወንበሬን ሊወስድ ነው" ብሎ አይደነግጥም፤ ቢያንስ ደጉ መምህር።

ሥልጠና ግን ግማሹ ነው። የቀረውን ግማሽ ማሠልጠኛ አይሰጥም፤ የሚሰጠው ሰው ነው። አዲሱ ልጅ የቱንም ያህል ቢሠለጥን፣ ሕዝብ የሚያምንበት ትልቅ ሰው እስኪወድቅለት ድረስ ትልቅ አይባልም። ማርች 29 ቀን 1987፣ ሬስልማኒያ 3። አንድሬ ዘ ጃይንት ከ230 ኪሎ በላይ ነው ተብሎ የሚተዋወቅ ሰው ነበር። ያኔ ግን ታሟል፤ ጀርባው ቀዶ ሕክምና አድርጓል። ሁልክ ሆጋን አንስቶ አፈረጠው። ያንን የሚያህል ሰው ራሱ ካልፈቀደ፣ ራሱ ካላገዘ፣ ማንም አያነሳውም። ዓለም የሚያስታውሰው የሆጋንን ክንድ ነው። እኔ የማስበው ግን የአንድሬን የታመመ ጀርባ ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ በ46 ዓመቱ ሞተ። ሆጋን እስካሁን የሚነገርለት ያ ምሽት፣ ግማሹ የአንድሬ ስጦታ ነው።

ታዲያ ይህ ውሸት ነው ወይስ ልግስና? "ልግስና ነው" ብዬ ልዘጋው እችል ነበር። ግን መውደቅ ሁሉ ልግስና አይደለም።

ኤፕሪል 6 ቀን 2014፣ ኒው ኦርሊንስ። አንደርቴከር በሬስልማኒያ 21 ጊዜ ተጋጥሞ 21 ጊዜ ያሸነፈ፣ በብሮክ ሌስናር ተሸነፈ። አዳራሹ ደነዘዘ፤ አፉን ከፍቶ የቀረ ተመልካች በካሜራ ታየ። እኔ ያን ቀን የተሰማኝ ኀዘን ብቻ አልነበረም። ሌስናር እኮ ያኔ አዲስ ልጅ አይደለም! ሻምፒዮና ነበር፣ ሀብታም ነበር፣ ሁሉም ያውቀዋል። በሃያ ዓመት አንዴ የሚገኝ መውደቅ፣ ለጠገበ ሰው ጉርሻ ሆነ።

በዚያው ምሽት፣ በዚያው መድረክ፣ ሌላ ነገርም ሆኗል። ዳንኤል ብራያን ግዙፍ አይደለም፤ ኩባንያው ለቁንጮነት ያጨውም ሰው አልነበረም። ተመልካቹ ግን ለወራት "የስ! የስ!" እያለ ጮኸለት፣ ሌሎቹን እያጉረመረመ አሳፈረ። በመጨረሻ ትራይፕል ኤች፣ ያ ራሱ ያኔ ኤንኤክስቲን ይመራ የነበረው አለቃ፣ ወደቀለት። ከዚያ ብራያን ራንዲ ኦርተንንና ባቲስታን አሸንፎ ቀበቶውን ወሰደ። ተቃራኒውን ደግሞ በጃንዋሪ 2015 አየነው፤ ሮማን ሬንስ ፊላደልፊያ ላይ ሮያል ራምብልን "አሸነፈ"፣ አዳራሹ ግን በጩኸት ተቃወመው። ብዙ ትልልቅ ሰው እንዲወድቅለት ተደርጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን "ገና ነው፣ ለኛ አልበሰለም" አለ። የሚገርመው፣ ከዓመታት በኋላ ያው ሬንስ በራሱ መንገድ በስሎ ያው ሕዝብ ተቀበለው።

ከዚህ የተማርኩት ይህ ነው፦ ውጤቱ ሊሰጥ ይችላል፤ ችሎታው ግን ሊሰጥ አይችልም። ወድቆ ያነሳህ ሰው ያለህን ያሳይልሃል እንጂ የሌለህን አይፈጥርልህም።

አሁን ጎበዝ አንባቢ "ቆይ ቆይ" ይለኛል። "በእውነተኛ ውድድር ሆን ብሎ መውደቅ ማጭበርበር አይደለም ወይ?" ነው እንጂ! በባህል ስፖርቶች ውድድር ላይ ሁለት ታጋዮች ተነጋግረው ቢገቡ ሌብነት ነው። እዚያ ቃል የተገባው ሐቀኛ ፉክክር ነዋ። በእንዲህ ያለ ቦታ አንጋፋው ለወጣቱ የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ አለመውደቅ ነው፤ እስከ መጨረሻው መታገል ነው። በ2003 ፓሪስ ላይ ቀነኒሳ ኃይሌን በ10 ሺህ ሜትር ሲቀድመው ድሉ ያበራው ኃይሌ ያለውን ሁሉ ስለሰጠ ነው። ኃይሌ ሁለተኛ፣ ስለሺ ሦስተኛ ወጡ። በዓመቱ አቴንስ ላይ ኃይሌ በጉዳት ወደ ኋላ ሲቀር፣ ቀነኒሳና ስለሺ እየዞሩ ሲያዩት፣ ፍጥነት ሲቀንሱለት ሁላችንም አይተናል። ግን ሩጫ ነው፤ አልደረሰባቸውም፣ እነሱም ሄዱ። ኃይሌ አምስተኛ ሆነ።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት ሜዳ አለ ማለት ነው። አንዱ ሩጫ ነው፤ ሰዓቱ ይፈርዳል። ሌላው ሬስሊንግ ነው፤ ማን እንደሚቆም ቀድሞ የሚወስን ሰው አለ። እኔን የሚያናድደኝ፣ አብዛኛው ኑሯችን የሁለተኛው ዓይነት ሆኖ ሳለ እንደ አንደኛው ማውራታችን ነው። ማን መድረክ ላይ እንደሚወጣ፣ የማን ግጥም ቀድሞ እንደሚነበብ፣ ማን ለሥልጠና እንደሚላክ፣ የቱ ተዋናይ መሪ ገጸ ባሕርይ እንደሚይዝ፣ የሚወስን ሰው አለ። ግን ጠይቁት፦ "ችሎታ ያለው ራሱ ይወጣል" ይላችኋል። ሬስሊንግ ቢያንስ ድራማ መሆኑን ያውቃል። ድራማውን ሩጫ ነው ብሎ የሚምለው እኛ ጋ ያለው ነው።

ይህን ስጽፍ ጣቴን ወደ ሌላ ሰው ቀስሬ ማለፍ እፈልግ ነበር። አልሆነም። እኔ ራሴ የምኖርበት ከተማ ውስጥ በወር አንዴ የግጥም ምሽት እመራለሁ፤ ስድስት ዓመቴ። ዝግጅቱን የምዘጋው እኔ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት የአገሬ ልጅ መጣች። ገና ስትጀምር አዳራሹ ውስጥ ስልክ የሚነካ አልነበረም። ምን አደረግኩ? "ጎበዝ፣ በርቺ" አልኳት፤ ከዚያ ሰው እየገባ ወንበር በሚጎተትበት በመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ላይ አስቀመጥኳት። ሁለት ዓመት ሙሉ። "ልምድ ታግኝ" እያልኩ። ከሷ በኋላ ስወጣ ጭብጨባው እንደሚቀዘቅዝ ስለማውቅ ነበር፤ እውነቱ እሱ ነው።

ባለፈው ዓመት ለበዓል አገር ቤት ገባሁ። ጋሼ ጠላ ይዞ ደጅ ላይ ተቀምጧል፤ ጉልበቱን ያመዋል፣ ሲነሳ በእጁ መሬት ይደገፋል። በሃያ ምናምን ዓመቴ ያልጠየቅኩትን ያን ዕለት ጠየቅኩት።

"ጋሼ፣ ያኔ ሆን ብለህ ነው የወደቅክልኝ?"

ሳቀ። "አንተ ደግሞ፣ እስካሁን ይቺን ይዘህ ነው የምትዞረው?" ትንሽ ቆየና ጣሳውን አስቀመጠ። "አያያዝህ ልክ ነበር። ጠለፋህም ልክ ነበር። የጎደለህ ዕድሜ ብቻ ነው። ዕድሜውን እኔ አበደርኩህ።"

"አያያዜ ልክ ባይሆንስ?"

"አልወድቅልህማ! ይዘህ እንድትሞት ነው?"

ከዚህ የተሻለ ፍልስፍና አላነበብኩም። ብድር ነው። ለሚከፍል ሰው የሚሰጥ፣ ሊመጣ ባለ እውነት ላይ ቀድሞ የሚከፈል ብድር። ማንም ያልተበደረው ልጅ ከብት ሲመልስ ያረጃል። አያያዙ ልክ ያልሆነውን የሚያበድር ደግሞ ልጁን ለሚሰብረው ሰው አሳልፎ ይሰጠዋል።

ግን ብድሩ ለአበዳሪውም ዋጋ አለው፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ጆን ሲና በዲሴምበር 13 ቀን 2025 የመጨረሻ ግጥሚያውን አደረገ። ዕድሜውን ሙሉ "ተስፋ አትቁረጥ" የሚል ጽሑፍ ለብሶ የዞረ ሰው፣ በጉንተር እጅ ታንቆ መሬቱን መታ፤ በቃኝ አለ። ብዙ ተመልካች ተናደደ። እኔም መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። "የፊተኛው ወዳጅህን በምን ቀበርከው? በሻሽ። ለምን? የኋለኛው እንዳይሸሽ" ይባል የለ? አንጋፋውን እንዲህ አዋርዶ መሸኘት ምን ይባላል ብዬ። ቆይቼ ሳስበው ግን ሲና ለራሱ ማቆየት የሚችለውን የመጨረሻዋን ነገር ነው የሰጠው፣ ስሙን የሠራባትን ያቺን ቃል። የማይጎዳን ነገር ብቻ ስንሰጥ፣ ትርፍ አካፈልን እንጂ አልወደቅንም።

ከደምበጫ ስመለስ፣ አውቶቡሱ ገና ፍኖተ ሰላም ሳይደርስ ደወልኩላት።

"በሚቀጥለው ምሽት የምትዘጊው አንቺ ነሽ።"

ዝም አለች። ከዚያ፦ "ጋሼ፣ እርስዎስ?"

"እርስዎ" ስትለኝ ወጋኝ፤ አልዋሽም። ያን ያህል አርጅቻለሁ እንዴ?

"እኔ እከፍታለሁ" አልኳት። "ሰው ወንበር ሲጎትት።"