ስለ ካሜራ ርካሽነትና ስለ ሰው መልክ ክብር

ርካሽ የሚለው ቃል ብቻውን ቆሞ ትርጉም አይሰጥም። አንድ ዕቃ ርካሽ ነው ስንል፣ ለማን ርካሽ ነው? ከምን ጋራ ሲመዛዘን ርካሽ ነው? ዋጋውስ የሚከፈለው በገንዘብ ብቻ ነውን? የሚሉትን ጥያቄዎች አብረን ማንሣት ይገባናል። እነዚህን ሳይጠይቅ ገበያ የሚወጣ ሰው ዕቃውን የገዛ ይመስለዋል እንጂ፣ ብዙ ጊዜ ዕቃው እርሱን ገዝቶት ይመለሳል። በዚህ ጽሑፍ በምሳሌነት የምንመረምረው፣ በዘመናችን ወጣቶች ዘንድ ብዙ የሚወራለትን ፉል ፍሬም ሚረርለስ የተባለውን ካሜራ ነው። ስሙ ባዕድ ቢሆንም ጉዳዩ የራሳችን ነው፤ የሚያነሣው የእኛን ሰው መልክ ነውና።

በቅድሚያ መሣሪያው ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እንግለጽ፤ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። ኦስካር ባርናክ የተባለው ጀርመናዊ የሠራት ላይካ በ1917 ዓ.ም. ለገበያ ስትቀርብ፣ በፊልሟ ላይ የሚያርፈው ሥዕል አንደኛው ጐኑ 36፣ ሁለተኛው ጐኑ 24 ሚሊሜትር ነበር። ዛሬ በፊልሙ ፈንታ ብርሃን የሚቀበል ሴንሰር ገብቷል፤ ይሁን እንጂ ያንኑ የጥንቱን ልክ የያዘ ካሜራ ፉል ፍሬም ይባላል። ሚረርለስ ማለት ደግሞ፣ ቀድሞ ብርሃኑን ወደ ማያው መስኮት ይመልስ የነበረው መስተዋት የተወገደለት ማለት ነው። ሶኒ በ2006 ዓ.ም. አልፋ 7ን ካወጣ ወዲህ ይህ ዐይነቱ ካሜራ ወደ ሰፊው ገበያ ገባ። ካኖንም በ2011 ዓ.ም. ኢኦኤስ አርፒ የተባለውን በ1,299 ዶላር አቀረበ፤ ኋላም ዋጋውን ወደ 999 ዶላር አወረደው። ርካሽ የሚለው ስም የመጣው እንግዲህ ከዚህ ነው።

የዚህ ሴንሰር ስፋት 864 ካሬ ሚሊሜትር ሲሆን፣ ያው ፋብሪካ በአነስተኛ ካሜራዎቹ ከሚያገባው ሴንሰር ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ነው። በእጃችን ካለው ስልክ ጋራማ ስፋቱ አይወዳደርም። ሰፊ የቆርቆሮ ጣራ ከጠባቡ ይልቅ ብዙ የዝናብ ውሃ እንደሚያወርድ፣ ሰፊ ሴንሰርም ብዙ ብርሃን ይሰበስባል፤ ስለዚህ ብርሃን በደከመበት ስፍራ ጥራት ያለው ሥዕል ይሰጣል።

አሁን ይህን መሣሪያ ይዘን ወደ ጥሊሊ እንሂድ። የአዊ ዞን የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ጥሊሊ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በቡሬና በእንጅባራ መካከል የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። በክረምት ደመናውና ጉሙ ፀሐይን ይጋርዳል። በገጠሩ ቤት ውስጥ ብርሃን የሚገባው በበር ነው፤ ማታ ደግሞ ምድጃው ያበራል። ሰርጉም፣ ክርስትናውም፣ የአረጋውያን ምርቃትም ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው በዚህ ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ነው። ስለዚህ ጨለማን የሚችል ካሜራ ለጥሊሊ ቅንጦት ብቻ ነው ብሎ መፍረድ ስሕተት ይሆናል። እንዲያውም የኤሌክትሪክ መብራት ከሞላበት ከተማ ይልቅ፣ እንዲህ ያለው ካሜራ የሚያስፈልገው እዚህ ነው ለማለት ይቻላል።

ነገር ግን ሂሳቡን እንመልከት። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገበት በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ዋዜማ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ያህል ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከ130 ብር በላይ ሆነ። እንግዲህ በ1,000 ዶላር የሚሸጥ ካሜራ፣ በውጭ አገር ዋጋው ሳይለወጥ፣ ለእኛ ከ57,000 ብር ተነሥቶ ከ130,000 ብር አልፏል ማለት ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በተደረገው የደመወዝ ማስተካከያ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ የተወሰነው የወር ደመወዝ 11,500 ብር ነው። ካሜራው ከዚህ ሠራተኛ የአሥራ አንድ ወር ደመወዝ ይበልጣል፤ ያውም አንዲት ብር ሳይበላበት፣ ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይታከልበት፣ ሌንስም ሳይገዛለት። የሌንሱ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። በ199 ዶላር የቀረበ 50 ሚሊሜትር ሌንስ እንዳለ ሁሉ፣ ለዚያው ካሜራ የሚሆን፣ ወደ 3,000 ዶላር የሚጠጋ ሌንስም አለ። አካሉን በርካሽ የገዛ ሰው፣ ምኞቱን ካልገታ፣ የአካሉን ሦስት እጥፍ ለዐይኑ ይከፍላል።

ይህ ሲባል፣ መልካም መሣሪያ መመኘት ነውር ነው ማለታችን አይደለም። ገበሬ በደነዘ ማረሻ ቢያርስ ድካሙ ይበዛል፣ እርሻውም አያምርም፤ በደነዘ ማረሻ ማረስንም ትሕትና ብሎ የሚያመሰግነው የለም። ፎቶግራፍ አንሺም ባለሙያ ነው፤ ሥራውን አሳምሮ ለመሥራት መሻቱ የሙያ ክብር ነው። እኛ የምንጠይቀው፣ መሣሪያው ከተሻለ በኋላ የተሻለው ነገር ለማን እንደ ተረፈ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ታሪካችን ብርቱ ምስክር ይሰጠናል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የፎቶግራፍ መሣሪያ የያዙ መሐንዲሶች አብረው መጥተው ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ካረፉ በኋላ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ገና በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ በዚያም በዘመኑ ስመ ጥር የነበረችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶግራፍ አነሣችው። መሣሪያውም ሙያውም ለዘመኑ የሚነቀፍ አልነበረም። ሥዕሉም ዛሬ ድረስ በሙዚየም ተጠብቆ ይታያል። ልጁ ግን በ18 ዓመቱ፣ በ1872 ዓ.ም.፣ አገሩን ዳግመኛ ሳያይ ዐረፈ፤ በዊንዘርም ተቀበረ። የሥዕሉ ጥራት ያን ሕፃን ምን ጠቀመው? ለተመልካች ደስታ፣ ለአንሺዋ ስም ሆነ፤ ለልጁ ግን እናት ወይም አገር አልሆነም። ከዚህ የምንማረው፣ የሥዕል ማማርና የሥዕል ጽድቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደ ሆኑ ነው።

ይህ የጥንት ነገር ብቻ አይደለም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በእንጅባራ በዓላቸውን ሲያከብሩ፣ ያጌጡትን ፈረሶችና ጋላቢዎች ለማንሣት ብዙ ካሜራ ይደረደራል። ይህ ባህሉን ለዓለም ማሳወቁ መልካም ነው። ነገር ግን ከተነሣው ሁሉ ስንቱ ታትሞ ወደ ፈረሰኛው ቤት ተመለሰ? አዛውንቱ ባለ ፈረስ ለልጅ ልጁ፣ ያን ጊዜ እንዲህ ነበርኩ ብሎ የሚያሳየው ወረቀት በእጁ አለን? እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በየፋይሉ የምናገኘው የሰው መልክ ጉርድ ፎቶግራፍ ነው፤ መልክን ለመለየት እንጂ ሰውን ለማክበር የተነሣ አይደለም። ለብዙ ወገኖቻችን ግን ከሞት በኋላ ለቤተሰብ የሚተርፈው ሥዕል ያው ከመታወቂያ ላይ የተላጠው ጉርድ ነው። ይህን ጉድለት የሚሞላ ካሜራ ቢመጣ፣ ዋጋው ምንም ቢሆን ውድ አንለውም።

ሌላም ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። የፉል ፍሬም ካሜራ ከሚመሰገንባቸው ነገሮች አንዱ፣ ብርሃን የሚያበዛ ሌንስ ሲገጠምለት የሰውየውን ፊት አጥርቶ ከበስተኋላው ያለውን ሁሉ ማደብዘዙ ነው። ይህ ያምራል፤ ዐይንም ይስባል። ነገር ግን በጥሊሊ ዙሪያ አንዲት እናት በቀርከሃ አጥሯ ፊት ቆማ ስትነሣ፣ አጥሩ፣ ደጁ፣ ከደጁ ወዲያ ያለው ማሳ እንደ ጉም ቢቀልጥ፣ ከሥዕሉ የተወገደው ትርፍ ነገር ነውን? እርሷን እርሷ ያደረጋት የእጇ ሥራና የቆመችበት መሬት አይደለምን? ያለ ስፍራው የተነሣ ሰው የትም አገር ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ ግን የካሜራው አይደለም፤ የሌንሱን ቀዳዳ አጥብቦ አጥሩንም ማሳውንም አጥርቶ ማሳየት ይቻላልና። ምርጫው የአንሺው ነው፤ የሥነ ምግባሩም ጥያቄ ያለው በዚያ ምርጫ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ካሜራውን ልግዛ አልግዛ ለሚል ወጣት ሦስት ሚዛን እናቀርባለን። አንደኛው፣ በእጁ ያለው ስልክ ወይም አሮጌ ካሜራ በእውነት ሥራውን አግዶበት እንደ ሆነ ይመርምር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው፣ በቀን ብርሃን ሰውን አክብሮ ማንሣት ያልቻለ፣ በጨለማ የሚያይ ካሜራ ቢገዛ አይችልም። ሁለተኛው፣ ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ ይጠይቅ። በአዊ ብዙ ቤተሰብ ለዓመታት ዲከረንስ ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ ጥሪት ሲቋጥር ኖሯል፤ ያ ጥሪት የታናናሾቹ ትምህርትና የቤቱ ቀለብ ከሆነ፣ ካሜራው በ999 ዶላር ቀርቶ በግማሹም ርካሽ አይደለም። ሁለት ሦስት ባለሙያዎች ግን በዕቁብ ቢገዙትና በተራ ቢሠሩበት፣ የአንዱን ቤት ሳያጐድል ለከተማው ሁሉ ይበቃል። ሦስተኛውና ዋናው፣ ካሜራውን ሲገዛ የማተሚያውን ወጪ አብሮ ያስብ። ካነሣው ሰው ለእያንዳንዱ አንዲት የታተመች ሥዕል ለመስጠት ዐቅም ወይም ፈቃድ የሌለው አንሺ፣ ካሜራው ምንም ያህል ቢረክስ፣ ዋጋውን የሚያስከፍለው የተነሡትን ሰዎች ነው።

የዕቃ ዋጋ ከዓመት ወደ ዓመት ይለወጣል፤ ዛሬ አዲስ የተባለው ካሜራ ነገ አሮጌ ይባላል። የሰው መልክ ግን አንድ ጊዜ ያልፋል፤ አይደገምም። ስለዚህ የመሣሪያን ርካሽነት በከፈልነው ብር ብቻ ሳይሆን፣ በፊቱ ለቆመው ሰው ባስቀረለት ነገር እንመዝን። በዚህ ሚዛን ሲለካ፣ በስልክ ተነሥቶ፣ ታትሞ፣ በጥሊሊ አንድ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የአያት ሥዕል፣ በታላቅ ካሜራ ተነሥቶ ማንም ሳይመልሰው ከቀረው ሺሕ ሥዕል ይበልጣል። ሁለቱን አስተባብሮ፣ መልካሙን መሣሪያ ለመልካሙ አደራ የሚያውል ቢገኝ ግን፣ እርሱ ገንዘቡን በከንቱ አላወጣም እንላለን።