የመመለሻው ቀን

ልጆቼ፣ ዛሬ ዛሬ በበዓልና በዕረፍት ሰሞን ቦርሳ አዝላችሁ ወደ ሰሜን ተራሮች ስትወጡ ሳይ ደስ ይለኛል። በእኛ ጊዜ ያን አገር በእግሩ የሚያቋርጠው ነጋዴ፣ ተሳላሚ ወይም ፈረንጅ ነበር፤ ለመዝናናት ብሎ የሚደክም ሀበሻ ቢገኝ ሰዉ ጤንነቱን ይጠራጠር ነበር። እናንተ ለመውጣቱ በደንብ ትዘጋጃላችሁ። ጫማውን፣ የመኝታ ከረጢቱን፣ የከፍታ ሕመሙን፣ ሁሉንም ጠይቃችሁ ነው የምትነሡት። ስለ መመለሱ ግን የሚጠይቀኝ የለም። "ከዚያማ መንገድ ላይ ያገኘነውን መኪና ይዘን እንገባለን" ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚሁ ስላለፋችሁት ነገር ነው።

ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ አድርጎ ራስ ደጀንን የረገጠ ሰው ሁለት መውጫ አለው። አንደኛው በመጣበት መመለስ ነው፤ ከአምቢቆ ወርዶ፣ መሸሃ ወንዝን ተሻግሮ፣ የቧሂትን ዳገት እንደገና ወጥቶ ጨነቅ ይደርሳል። የቧሂት ጫፍ ከ4,400 ሜትር ይበልጣል፤ ወንዙ ያለበት ሸለቆ ከዚያ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። "መመለሻ ነው" ተብሎ የተናቀው ቀን ከጉዞው ሁሉ የከበደ ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ነው። ጨነቅ ላይ ከደባርቅ ወደ መካነ ብርሃን፣ ወደ ጃናሞራ የሚሄደውን መንገድ ታገኛላችሁ። ሁለተኛው መውጫ በሶና በኩል ቁልቁል ወርዶ አዲ አርቃይ ላይ፣ ከጎንደር ወደ ሽሬ ከሚሄደው መንገድ ጋር የሚያገናኘው ነው። ጉልበቱ ለሚችል እኔ የማደላው ለዚህኛው ነው። ጅብራና ጓሳ ካለበት ውርጭ ተነሥታችሁ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ልብስ እያወለቃችሁ ቆላ ትገባላችሁ።

በየትኛውም ብትወጡ ጠላታችሁ አንድ ነው፤ ችኮላ። እግር ዝሏል፣ ስንቅ ተሟጧል፣ ልብ ግን ቀድሞ ጎንደር ገብቶ ገላውን እየታጠበ ነው። ላይ ሳሉ ስካውቱን፣ የሰሜን ተራሮች ፓርክ የመደበላቸውን ጠባቂ፣ እንደ አባት የሚሰሙ ልጆች መኪና መንገድ ሲያዩ አይሰሙትም። "ዛሬ እዚሁ እንደር" ሲላቸው ያኮርፋሉ። ጨለማ ሲመጣ ደግሞ ያገኙት መኪና ላይ ይንጠለጠላሉ። ገደሉን ሁሉ በሰላም አልፎ የመጣ ሰው የሚጎዳው እንግዲህ ያኔ ነው።

ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት ለመንገዱ አንድ ሙሉ ቀን ቁረጡለት። ቀጠሮ የሌለበት፣ የአውሮፕላን ትኬት ያልተቆረጠበት፣ አለቃ የማይጠብቃችሁ ቀን። የሰኞ ሥራ ያለበት ሰው እሑድ ማታ መንገድ ዳር ቆሞ የሹፌርን ፊት መመርመር አይችልም፤ ሰካራምም ቢሆን ይሳፈራል። ስንቁንም እንደዚሁ። ለገና ላሊበላ በእግራቸው የሚወርዱትን ተሳላሚዎች አይታችሁ ከሆነ፣ በሶውንና ዳቦ ቆሎውን ለመድረሻ ብቻ አይቋጥሩም፤ ከበዓሉ ማግስትም መንገድ አለ። እናንተም የአንድ ቀንና የአንድ ሌሊት ምግብ ለብቻው ቋጥራችሁ፣ ራስ ደጀን ላይ ቢርባችሁም አትንኩት። ቆሎ ቢሆን ይሻላል፤ እሳት አይፈልግም፣ አይበላሽም፣ መንገድ ዳር ለተቀመጠ ሰውም ይካፈሉታል።

ደባርቅ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስትመዘገቡ ስለ መውጫው ብቻ ሳይሆን ስለ መውረጃውም መንገድ ሰላም ጠይቁ። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ ያ አገር እንደ ቀድሞው አይደለም፤ ትናንት ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬ ሊዘጋ ይችላል። "አትሂዱ" ካሏችሁ አትሂዱ፤ ተራራው የትም አይሄድም።

አሁን ወደ መኪናው እንምጣ። የጨነቁን መንገድ ብዙ አትመኑት። ዩኔስኮ ፓርኩን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት መዝግቦ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ሲያስገባው ካሳሰቡት ነገሮች መካከል የዋልያ መመናመን፣ የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት፣ እንዲሁም በፓርኩ መሐል የሚያልፈው ይኸው መንገድ ይገኙበታል። ፓርኩ ከዚያ ዝርዝር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የመኪናውን ምልልስ ከፓርኩ ለማራቅም ተለዋጭ መንገድ እንዲሠራ ተደርጓል። መኪና ማነሱ ለዋልያው መልካም ነው፤ ለእናንተ ግን ግማሽ ቀን ድንጋይ ላይ መቀመጥ ማለት ነው። ከስካውቱ ጋር ተማክራችሁ የሰሞኑን ሁኔታ እወቁ፤ ካልተገኘም ወደ ሳንቃበር በእግር ለመቀጠል ተዘጋጁ።

መኪና የሚለመነው በጠዋት ነው። ከቀኑ አስር ሰዓት በኋላ የመጣ መኪና ደባርቅ ሳይደርስ ይመሽበታል፤ እጃችሁን አታውጡ። የምትቆሙበትን ቦታ ምረጡ፤ ኩርባ ላይ አይቆምም፣ ዳገት ላይም አይቆምም፤ የተጫነ አይሱዙ ዳገት ላይ አንዴ ከቆመ መነሣቱ መከራ ነው፣ ሹፌሩም ስለሚያውቀው አይቶ እንዳላየ ያልፋችኋል። ሜዳ ላይ፣ ከሩቅ በምትታዩበት፣ ቦርሳችሁን አውርዳችሁ ቁሙ። ሲቆም ረዳቱን ሳይሆን ሹፌሩን ሰላም በሉ፤ ቀረብ ብላችሁ፣ ቁና ሙሉ ጥያቄ ሳታወርዱበት። የት እንደሚያድር ጠይቁት። ስትናገሩ ዓይኑን እዩ። ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ ሰው ዓይን አይደበቅም፤ ጫት ያነቃው ሰው ደግሞ ጫቱ ሲለቀው ያንቀላፋል። ካልጣማችሁ "እግዜር ይስጥልን፣ ጓደኞቻችን ከኋላ እየመጡ ነው" ብላችሁ ተዉት። ይህች ውሸት ኃጢአት ብትሆን እኔ ልሸከምላችሁ።

ሒሳብ ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ። ሊፍት ማለት ነፃ ማለት የሚመስላችሁ አላችሁ፤ በዚያ አገር ባላገሩ ራሱ ከፍሎ ነው ጭነት ላይ የሚቀመጠው፣ እናንተ ደግሞ የእሱን ያህል ድሃ አይደላችሁም። ሹፌሩ አልቀበልም ካለ ደባርቅ ሲደርስ ምሳ ጋብዙት፣ ረዳቱንም አትርሱ። ሴቶች ልጆቼ፣ ለብቻችሁ አትግቡ፤ ሁለት ሆናችሁ፣ የሰሌዳ ቁጥሩን ለቤተሰብ በስልክ ልካችሁ፣ ሲሆን ስትልኩም ሹፌሩ እያያችሁ። ኔትወርክ ከሌለ ቁጥሩን ለስካውቱ ንገሩት።

ጭነት ላይ አትውጡ። አውቃለሁ፣ ከላይ ሲታይ አገሩ ያምራል፣ ፎቶውም ያምራል። የገብስ ማዳበሪያ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን መኪናው ኩርባ ላይ ሲያዘነብል የሚይዘው ነገር የለውም። በዚያ ከፍታ ላይ ነፋሱም ብቻውን ሰው ያደርቃል። ደግሞ በጭነት መኪና ላይ ሰው መጫን ክልክል ስለሆነ ሹፌሩ ከኬላው በፊት አውርዷችሁ፣ "በእግር እለፉና ከዚያ ወዲያ ትሳፈራላችሁ" ይላችኋል፤ አንዳንዱ ከዚያ ወዲያ አይገኝም፣ ቦርሳችሁ ግን አብሮት ሄዷል። ጋቢና ከተገኘ እሰየው። እዚያ ተቀምጣችሁ ሳለ መንገድ ላይ ምጥ የያዛት ሴት ወይም በቃሬዛ የመጣ ሕመምተኛ ካጋጠማችሁ ግን ሳይጠይቋችሁ ውረዱ። ለባላገሩ ያ አይሱዙ አምቡላንሱ ነው። እናንተ ከሽርሽር ነው የምትመለሱት፣ ነገም ሌላ መኪና ይመጣል።

በአዲ አርቃይ የምትወጡ ከሆነ ወደ ደባርቅ ሊማሊሞን መውጣት አለባችሁ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ የጠመዘዘው መንገድ ነው፤ በቀን፣ በጭጋግ በሌለ ሰዓት፣ ሕዝብ በሚጭን መኪና ካልሆነ አትሂዱበት። እዚያ ገንዘብ መቆጠብ አይገባኝም።

መሽቶ መኪና ካጣችሁስ? እደሩ። ግን የትም አይታደርም። ግጭ ላይ ድሮ ከብርድ የሚያስጥል ጎጆ አይጠፋም ነበር፤ ነዋሪዎቹ በ2008 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ ወዲህ ግን ደጅ የሚጠና ሰው የለም፣ ድንኳናችሁን ብቻ ተማምናችሁ ሂዱ። ከፓርኩ ወጥታችሁ መንደር ስትደርሱ ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው ራስን ማሳየት። የገበሬው ጠመንጃ ከራስጌው አይርቅም፤ በጨለማ ማሳው ዳር ባትሪ የሚያበራ ሰው ሌባ እንጂ ካምፕ የወጣ ተማሪ አይመስለውም። ከአጥሩ ውጪ ቁሙ፣ "ቤቶች! እንደምን አመሻችሁ!" በሉ፣ ውሻው እስኪያዝላችሁ አትነቃነቁ። "የመሸብን እንግዶች ነን፣ ድንኳን የምንተክልበት አሳዩን" ብሎ መጠየቅ ነው። ከቤት ያሉት ሴቶች ብቻ ከሆኑ ጎረቤት ጥሩልን በሏቸው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም መሄድም ይቻላል። ያሳዩአችሁ ቦታ ቢጎረብጥም እዚያው ትከሉ። አውድማ ላይ ግን ባዶ ሆኖ ብታገኙትም አይተከልም፤ እህል የሚወቃበት ቦታ ነው፣ ባለቤቱ በጫማ ሲረግጡት እንኳ ደስ አይለውም። ጭድ ካለበት አጠገብ የጋዝ ምድጃችሁን አታቀጣጥሉ፤ የከብቱ የዓመት ቀለብ ነው።

ምናልባት "ድንኳን ምን ያደርጋል፣ ግቡ" ይሏችኋል። ግቡ። እግራችሁን ሊያጥቧችሁ ቢነሡ አትግደርደሩ፤ የእግዜር እንግዳ እንዲያ ነው የሚቀበሉት። ብር ግን በእጃቸው አታስጨብጡ፣ ይቀየሟችኋል። ቡናና ስኳር አስቀድማችሁ ያዙ፣ ለእመቤቲቱም ጠዋት ስትሰናበቱ ስጧት። ምግቡን ቀስ ብላችሁ ብሉ፤ ከቀናት የፓስታና የብስኩት ኑሮ በኋላ በርበሬና ጠላ አንድ ላይ የገባበት ሆድ ሌሊቱን ይፈርዳል። ቆላውን የያዛችሁ አጎበር አትርሱ፤ ላይ ያላያችኋት ቢምቢ አዲ አርቃይ ላይ ትጠብቃችኋለች።

የቀረኝ የሒሳብ ነገር ነው። አዲ አርቃይ ላይ እናንተ መኪና ስትፈልጉ፣ ዕቃችሁን የጫነላችሁ ባለ በቅሎ ከነበቅሎዎቹ የመጣበትን ተራራ መልሶ ሊወጣ ነው። ስካውቱም ቤቱ ደባርቅ ነው። የሚመለሱበት ቀን ሁሉ የሥራ ቀናቸው ስለሆነ አበሉን ከነሱ ጋር ደባርቅ ሳላችሁ ተስማምታችሁ፣ ለብቻው በፖስታ አድርጋችሁ ያዙት፤ ቡና ቤት ስትገቡ እንዳይጎድል። ስካውቱ አብሯችሁ በመኪና መመለስ ከፈለገ ዋጋ ስትነጋገሩ እሱንም ቆጥራችሁ ተነጋገሩ። ደባርቅ ስትደርሱም ወደ ጎንደር ያለው መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ብላችሁ በማታ አትነሡ፤ እዚያው እደሩና ጠዋት ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ገብታችሁ መመለሳችሁን አስመዝግቡ፣ ጠፍታችኋል ብሎ ሰው ፍለጋ እንዳይላክ።